የሚነደው ድንጋይ ሹም

ከአንኮበር፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ ዘርአ ዳዊት፣

የደብረ ብርሃንን ብርድ ስለማውቅ ከጤናህ በፊት ጋቢህን እጠይቃለሁ፤ ደኅና ነህ ወይ? እኔና ቤተ ሰቤ ደኅና ነን። ለእናታችን ተዝካር በመቅረቴ ቅር እንዳለህ ጽፈሃል። ይቅር በለኝ። ያን ሰሞን ደጃዝማች ወልደተንሣኤ ከባሕር ማዶ ያስመጡት መኪና በነጋዴው በሸሪፍ ግመሎች ተጭኖ አልዩ አምባ ገብቶ ነበር። የቤታቸው አዛዥ ሆኜ ጥዬው ልሄድ አልችልም። እናታችን አትቆጣም፤ ደጃዝማች ግን ይቆጣሉ።

ስለ ሹመቱ «ከስንት ሰው መካከል ለምን እኔ?» ላልከኝ መልሱ አጭር ነው፤ እኔ ስምህን ስለጠራሁ ነው። መኪናው ውኃ አፍልቶ በእንፋሎቱ የሚዞር ነገር ነው። እህል ይፈጫል፣ ግንድ ይሰነጥቃል፣ ባሩድ ይወቅጣል ይላል አብሮት የመጣው ፈረንጅ። እስካሁን የወቀጠውን አላየሁም፤ የበላውን እንጨት ግን አይቻለሁ። በሦስት ቀን ሙከራ አንድ ጋራ ጽድ ጨረሰ። በአንኮበር ዙሪያ ለጌታ ወጥ ማብሰያ እንኳ እንጨት ሊጠፋ ነው። ፈረንጁ ታዲያ ከእናንተ ወዲህ በሙሽ ሸለቆ የሚነድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ የድንጋይ ከሰል ይለዋል። ደጃዝማችም ከእንግዲህ የቤታቸው እሳት ከዚያ እንዲሆን ቆረጡ።

የታጣው የቁፋሮው ሹም ነው። መጀመሪያ የተሾመው ሻለቃ ጅራፍ ይዞ ወረደ። በአሥራ አንድ ቀን ከአምሳ ቆፋሪ ዘጠኝ ቀሩት። ያኔ በጉባኤ ተነሥቼ «ጅራፍ የፈራ ጅራፍ ከማይደርስበት ይሸሻል፤ ቄስ የገዘተው ግን ወዴት ይሸሻል?» አልኩ። ደጃዝማች እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንዲህ ያለ ቄስ ታውቃለህ?» አሉኝ። ወንድሜ ነው አልኳቸው።

ለባለቤትህ ለአስካለማርያም ሰላምታ አቅርብልኝ። አሁንም አልወለደችም አሉኝ። ምን ይደረጋል።

አዛዥ ገብረ ጻድቅ

———

ከደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለጋሼ ለአዛዥ ገብረ ጻድቅ፣

በማርያም ደጅ ቆሜ እጅ እነሣለሁ። ስለ ተዝካሩ ያነሣሁት ልወቅስዎ ብዬ አልነበረም፤ ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

ቦታውን አየኸው ወይ ብለው በደብዳቤው አምጪ ላስጠየቁኝ፣ አዎን፣ አየሁት። ጥቁሩ ድንጋይ ከወንዙ በላይ ባለው ገደል ሥር ተጋድሟል፤ ከላዩ ደግሞ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የማይደርስበት ለስላሳ ሸክላ ተጭኖታል። ሻለቃው ከሥሩ እየፈለፈለ ትቶት ሄዷል። ቁራጩን አምጥቼ እቤቴ ምድጃ ላይ ብሞክረው በእርግጥ ነደደ፤ ሽታው ግን አስካለማርያምን ከቤት አስወጣት።

ጋሼ፣ አሁን የምጽፈውን ሳይስቁ ያንብቡልኝ። እኔ ቄስ ነኝ። በእጄም ሆነ በቃሌ ሰው ከሞተ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገባም፤ ቍርባን አልነካም። ይህ ለእኔ ከመታወር ይከፋል። ስቀድስ ብቻ ነው ሰው የምሆነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። አባታችን የተወልን የማርያም መሬትም ቢሆን በእጃችን ያለው ሰሞኔ በደረሰ ጊዜ ስለምቀድስበት ነው። እኔ ካልቀደስኩ ለሚቀድስ ያልፋል። ያ ገደል ሰው ሳይበላ እንደማይቀር ሕፃን እንኳ አይቶ ያውቃል። ስለ እናታችን ብለው ሌላ ሰው ያስሹሙ። እኔም በየቅዳሴው ስምዎን እጠራለሁ።

ታናሽዎ ዘርአ ዳዊት

———

ከአንኮበር፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳልስቅ አነበብኩ፤ ከጨረስኩ በኋላ ነው የሳቅሁት።

እምቢ ብል ምን ይመጣብኛል ብለህ በቃል ላስጠየቅኸኝ፣ ምንም አይመጣብህም፤ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው። ለደጃዝማች «ወንድሜ በደስታ ተቀብሏል» ብያቸዋለሁ። እሳቸውም ካባውን አስለክተዋል፤ ይህን ከያዘው ሰው ጋር ይደርስሃል። ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋህ ይሆናል። አንተን በቃል ሳስለካ ወፍራም አድርጌህ ነበር። አሁን ብትመልሰው ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ፤ ውሸታም አዛዥ ደግሞ እግር ብረት ይገባል። ታላቅህን ካስገባህ በኋላ እንዴት እንደምትቀድስ እስቲ አስበው።

ስለ ሰሞንህ አትጨነቅ። ልጄ ገብረአማኑኤል ለጥምቀት ቅስና ይቀበላል፤ አንተ ሸለቆ በምትሆንበት ሳምንት እሱ ይቀድስልሃል። ከአባታችን ዘር እስከሆነ ድረስ መሬቱ ከቤት አይወጣም። ለጊዜው ነው። አንተ እንደሆንክ ልጅ የለህም፣ ለማን ብለህ ትንገበገባለህ?

ደግሞስ ማን ይሞታል አለህ? ሰነፍ እንጂ።

ገብረ ጻድቅ

———

ከሙሽ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለጋሼ ለአዛዥ ገብረ ጻድቅ፣

የጥምቀት ሳምንት እንዴት ዋላችሁ? እኔ ጥምቀትን እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ዋልኩ። ታቦት ሲወርድ አላየሁም፤ እልልታው ግን ከላይ ይሰማኝ ነበር። ገብረአማኑኤል ቅስና መቀበሉን ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።

ሥራው እንዴት ነው ላሉኝ፣ ሥራው ይሄዳል። አርባ ሰው አለኝ። አሥር አሥር እየሆኑ ይወርዳሉ፤ የቀሩት ከላይ ይጎትታሉ፣ ይጭናሉ። ሸሪፍ በቅሎዎቹን ሳያስተጓጉል ይልካል። እንደ እሱ ያለ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። በነጋ ቁጥር አፋፉ ላይ ቆሜ መስቀሌን አንሥቼ እገዝታቸዋለሁ፤ «ይፍታችሁ ሳልል ከጉድጓዱ የወጣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን» እላለሁ። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» እላቸዋለሁ፣ ይወጣሉ። እስካሁን አንድ ሰው አልከዳኝም። እርስዎ ያሉት ሆነ። አንድ ነገር ልናዘዝ፤ መጀመሪያ ቀን ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ሲወርዱ ልቤን ደስ አለው። ወዲያው አፈርኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አለቃቸው ወልደአረጋይ የዚሁ የሸለቆው ተወላጅ ነው። ገደሉን እንደ ገዛ ከብቱ ያውቀዋል። ሸክላው በእንጨት ካልተደገፈ ከጾሙ ዝናብ ጋር ይወርዳል ይለኛል። ስልሳ የጽድ ምሰሶ ይበቃናል። የደጃዝማችን ጫካ ያለ ፈቃድ የነካ እጁ ይቆረጣልና ፈቃዱን ያስወጡልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

ዘርአ ዳዊት

———

ከአንኮበር፣ የካቲት ፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለከሰሉ ሹም፣

አባ ልበልህ ጌታው ልበልህ ጨንቆኛል፤ ካባ ከለበስክ ወዲህ እንጨት ማዘዝ ጀምረሃል። እንጨት ቢኖረን ድንጋይ ምን ያስቆፍረን ነበር? ለደጃዝማች ብነግራቸው እኔንም አንተንም ያስገርፉናል። አልነገርኳቸውም፤ ለዚህ እንኳ ልታመሰግነኝ ይገባል።

እስከ መቼ ላልከኝ፣ እስከ ሆሣዕና ነው። ለፋሲካ ከየአገሩ መኳንንት ይመጣሉ። መኪናው በፊታቸው ሳያቋርጥ እንዲዞር ሁለት መቶ ጭነት ተከማችቶ መገኘት አለበት። አንተ በወር ያመጣኸው አርባ ነው። ስለዚህ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ የምትገዝተው እንዲህ ይሁን፤ በፀሐይ አትፍታቸው፣ በቅርጫት ፍታቸው። በቀን ሃያ ቅርጫት ሳይሞላ የማንንም ልመና አትስማ። ግድግዳው ተሰነጠቀ ቢሉህም አትፍታ። የግድግዳ ድምፅ የሚሰማው ሥራ የጠላ ጆሮ ነው። ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ከሳሽ ቢመጣብህ እኔ አለሁ።

ሰሞኔን ልቀድስ ልውጣ ወይ ብለህ በቃል ላስጠየቅኸኝ፣ አትውጣ። ገብረአማኑኤል ደኅና አድርጎ ይዞታል። ድምፁ ካንተ ይሻላል እያሉ ነው፤ ይህን የምነግርህ ሆድ እንዲብስህ ሳይሆን እንዳታስብ ነው።

ገብረ ጻድቅ

———

ከሙሽ፣ መጋቢት ፳፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ለምን ዘገየህ ላሉኝ፣ የምጽፍበት እጅ አጥቼ ነው።

ማክሰኞ ገደሉ ወረደ። ከታች አሥር ሰው ነበር። አራቱ ግዘቱን ጥሰው መሰላሉን ወጥተው ነበርና ተረፉ። ስድስቱ ቃሌን ጠብቀው ቀሩ። ወልደአረጋይ ከስድስቱ አንዱ ነው። ሦስት ቀን ቆፍረን አራት ሬሳ አገኘን፤ ሁለቱ እዚያው ናቸው። ስለ ሰዓቱና ስለ አኳኋኑ ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ፤ ዛሬ አልችልም።

የተረፉት አራቱ ግዘት አፍርሰናል ብለው ከጥሬና ከውኃ በቀር እህል እምቢ ብለዋል። እንድፈታቸው እግሬ ሥር ይወድቃሉ። እኔ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ መስቀል አልያዝኩም፤ ምን ይዤ ልፍታቸው? ፍትሐቱን ያደረሱት ሌሎች ካህናት ናቸው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከከብቶቹ ጋር ቆሜ ሰማሁት።

ለስድስት ሰው መግነዣ አቡጀዴ ይላኩልኝ።

ዘርአ ዳዊት

———

ከአንኮበር፣ መጋቢት ፳፱ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። አቡጀዴው ለአምስት የሚሆን ነው የተገኘው፤ ሁለቱ አልተገኙም ስላልክ ትርፍ አለው።

ደጃዝማች ምን አሉ ላልከኝ፣ «አንድ መቶ አርባ ጭነት ብቻ? የቀረው ስልሳስ?» አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ ሰዎቹ ስነግራቸው ጥፍራቸውን እያስቆረጡ ነበር፣ ቀና አላሉም። ፈረንጁ በሌላ በኩል ደስ ብሎታል፤ ገደሉ ሲወርድ ከወዲያ ወገን ያለውን ከሰል ሜዳ አድርጎ ከፍቶልናል፣ እስከ ክረምት መቆፈር ሳያስፈልግ በእጅ ይለቀማል ይላል። ስለዚህ አልተቆጡህም። ሹመትህ ጸንቷል።

አራቱን አትፍታቸው። እንደ ፈሩ ይሥሩ፤ የፈራ ሰው ብዙ ይሸከማል።

የመሬቱን ነገር ደግሞ በኅዳር አንተው ስላነሣኸው ልጨርሰው። ሰው በቃልህ እንደ ሞተ በገዛ እጅህ ጽፈህ ሰደድክልኝ። ያንን ደብዳቤ ለደብራችሁ አለቃ አሳይቼ የማርያም መሬት በገብረአማኑኤል ስም ጸንቷል። ለጊዜው ያልኩህ ጊዜ አለቀ። አልፈርድብህም፣ ምናልባት እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ሰዎቹን አልፈታም ነበር።

የየካቲቱን ደብዳቤዬን አቃጥለው። ሌሎቹንም፣ ይልቁንም ግን እሱን። ማቃጠልህን ጽፈህ ላክልኝ።

ገብረ ጻድቅ

———

ከደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለአዛዥ ገብረ ጻድቅ፣

አላቃጠልኩትም።

የሟቾቹ ዘመዶች ደም ፈላጊ ሆነው የደብሩ አለቃ ዘንድ ቆመዋል፤ ፊት ለፊት የቆመችው የወልደአረጋይ ሚስት ወለተሐና ናት። ረቡዕ ሽማግሌ ተሰብስቦ ደሙ በማን ላይ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔም ተጠርቻለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም።

ዘርአ ዳዊት

———

ከአልዩ አምባ፣ ሚያዝያ ፲፫ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ለእናቴ ልጅ፣ ለአባ ዘርአ ዳዊት፣

እንደምን ነህ የኔ ወንድም? ሰሙነ ሕማማቱ እንዴት ይዞሃል? አስካለማርያም እንደምን ናት? እኔ ደኅና አይደለሁም።

ምን አደረግህ? ደብዳቤዬ በሽማግሌ ፊት ሦስት ጊዜ ተነበበ አሉኝ። አለቃው «ደሙ በጻፈው እጅ ላይ ነው» አሉ አሉኝ። ወሬው ሆሣዕና ዕለት አንኮበር ገባ። ደጃዝማች አስጠርተውኝ «ይህን እኔ አላዘዝኩም፣ ደሙ ያንተ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት ሰው ነው! የዘበኞቹ አለቃ ሳይቀር ሰላምታዬን አልመለሰም። የወለተሐና ሁለት ወንድሞች ከአንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ላይ ስለ ቤቴ ሲጠይቁ ታይተዋል። የዚያኑ ዕለት በእግሬ ወጣሁ።

አሁን ሸሪፍ ዘንድ ነኝ። ሳይጠይቀኝ አስገባኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ አሞሌ ጨው በሚከመርባት ክፍል አስቀምጦኛል። «እንግዳዬን ሊነካ የመጣ በእኔ በኩል ይለፍ፣ ወላሂ» ብሏል። ከአንተ በቀር ያለሁበትን የሚያውቅ የለም፤ ገብረአማኑኤል እንኳ አያውቅም። ለአንተ የምነግርህ መልስህ እንዲደርሰኝ ነው።

የኔ ወንድም፣ አንድ ጡት ጠብተናል። ያን ደብዳቤ እኔው ራሴ በሌላ ሰው አስጽፌዋለሁ ብለህ መስክርልኝ፣ ወይም የእኔ እጅ መሆኑን እጠራጠራለሁ በል። መሬቱን እመልስልሃለሁ። ልጄን ከደብሩ አስወጣዋለሁ። ስልሳውን ምሰሶ ዛሬውኑ በራሴ ትከሻ እሸከምልሃለሁ። ሌት እንቅልፍ የለኝም፤ ጨው በተሰነጠቀ ቁጥር እነሱ የመጡ ይመስለኛል። ታርቀኸኛል ወይ? ይህን ብቻ ጻፍልኝ።

ታላቅህ ገብረ ጻድቅ

———

ከደብረ ብርሃን፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ ፳፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ገብረ ጻድቅ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ።

ታርቀኸኛል ወይ ላልከው በመጨረሻ እመልስልሃለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ስማ። አለቃው ደብዳቤህን ካነበቡ በኋላ መስቀል አስይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ግዘቱን እንዳትፈታ ያዘዘህ ይህ ሰው ነው?» አሉኝ። እሱ ነው ብዬ ማልኩ። እውነት ነው። ሽማግሌው ነጻ ነህ አለኝ። በፋሲካ ሌሊት ቀደስኩ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጽዋውን ይዤ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን በደስታ ነው፣ አልዋሽህም። በማግስቱ አራቱን ጠርቼ ፈታኋቸው። አንደኛው ወዲያው ዳቦ ጠየቀ።

አለቃው ያልጠየቁኝን ለአንተ ልንገርህ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። የዚያን ማክሰኞ ወልደአረጋይ ከታች ሆኖ «አባ፣ ይፍቱን፣ ግድግዳው ቃል አወጣ» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዶማቸውን ጥለው ወደ እኔ አንጋጠጡ። አራቱ ወደ መሰላሉ ሮጡ። መስቀሉ በእጄ ነበር፣ የሚበቃውም አንድ ቃል ነበር። የወጣውን ቅርጫት ጠየቅሁ፤ አሥራ ሰባት ነው አሉኝ። «ሦስት ይቀራል» አልኩት። «እሺ አባ» ብሎ ዶማውን አነሣ። ያንተ ደብዳቤ ያኔ በደረቴ ነበር፤ ሳላነበው እንኳ አሥራ ሰባት ሃያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወለተሐና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ወደ ደጀ ሰላም መጣች። አላለቀሰችም። «አዛዡ ቤቱ የለም። የት እንዳለ አባ ያውቃሉ ይሉናል» አለችኝ። አላውቅም ብዬ ብመልሳቸው ይሄዱ ነበር። ቆዩኝ አልኳቸውና ወደ ውስጥ ተመለስኩ። በክርስትና ስምህ ጠርቼ ፍትሐትህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረስኩ። ከተናገርኩ በኋላ ላደርስልህ ስለማልችል ነው። ከዚያ ወጥቼ ነገርኳቸው። መጋዘኑን፣ ጀርባውን፣ የጨውዋን ክፍል። ሸሪፍ እንግዳውን ሳይሞት እንደማይሰጥ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ግን ከነቤተ ሰቡ መስጊድ እንደሚሆን ጭምር ነገርኳቸው፤ የሸሪፍን ደም አልፈልግምና። ነገ ዓርብ ነው። እነሱ ተነሥተዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው ሰው እስከ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይቆያል።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ነው የገደልኩት፤ አሁን ተናግሬ ነው። ለአለቃው መስቀሌን መለስኩላቸው። ምን ሆንክ ቢሉኝ ሰኞ ይሰማሉ አልኳቸው። ልጅህ ይቀድስ፣ መሬቱንም ይብላ፤ ድምፁ በእርግጥ ከእኔ ይሻላል። ትናንት አባቴ የት ይሆን ብሎ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት።

ታርቀኸኛል ወይ ላልከው፣ አዎን፣ ፍትሐትህን ስጨርስ ታርቄህ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወደ እነሱ የወጣሁት።

ደጃዝማች ትናንት ልከውብኝ ነበር። የጎደለውን ስልሳ ጭነት እስከ ዕርገት ይፈልጋሉ፤ ሹመቴም እንደ ጸና ነው። ሰኞ ወደ ሙሽ እወርዳለሁ። እስካሁን የምሳሳለት ነገር ስለ ነበረኝ ሥራውን የያዝኩት በግማሽ ልቤ ነበር። አሁን ምንም የለኝም። ለዚህ ሹመት የሚሆን ሰው ያገኘህላቸው ገና ዛሬ ነው።

ዘርአ ዳዊት